ኩሽናና ሳሎን ሲታረቁ

ዘንድሮ መዶሻ የማይጮኽበት ኮንዶሚኒየም የት አለ? አንዱ ሴራሚክ ይነቅላል፣ ሌላው ኮርኒሱን ጂፕሰም ያለብሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ኩሽናውን ከሳሎኑ የለየውን ግድግዳ ትኩር ብሎ እያየ «ይኼን ባነሳው ቤቴ ምን ይመስል ይሆን?» እያለ ያልማል። በተለይ አዲስ ተጋቢዎችን ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። አይፈረድባቸውም! በየስልኩ የሚታየው የውጭ አገር ቤት ሁሉ ወለል ያለ ነው፤ ሚስት ሰላጣ ትከትፋለች፣ ባል ብርጭቆ ያቀብላል፣ ልጆች ምንጣፉ ላይ ይንከባለላሉ፣ ሁሉም ይስቃል። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ያልታጠበ ድስት የለ! ታዲያ ያቺ ፈረንጅ እኮ ቁሌት አታቁላላም።

ውድ አንባብያን፣ እኔና ባለቤቴ በአንድ ግድግዳ ጉዳይ አምስት ወር ሙሉ ተከራክረናል፣ ለክተናል፣ አስለክተናል፣ ሽማግሌ ሊቀመጥብንም ምንም አልቀረው። ስለዚህ ዛሬ የማጫውታችሁ ከራሴ ቤት ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የግንበኛ ጉዳይ ይመስላል። አይደለም! «ኩሽናውን እንክፈተው ወይስ ይዘጋ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ነገሩን ከጅራቱ ነው የያዘው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «በዚህ ቤት ማን ከማን ጋር ይቀመጥ?» የሚለው ነው። እሱ ከተመለሰ የግድግዳው ጉዳይ ቀላል ነው።

ሳቁ ይሰማኛል፣ ምክንያቱ አይሰማኝም

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ሳሎኑ 3 ሜትር ከ60 በ4 ሜትር ከ40፣ ኩሽናው ደግሞ 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር ከ60 ነው። ሁለቱ ቢደመሩ 20 ካሬ ሜትር ትንሽ ያልፋሉ። ጠባብ ነው? ለሦስት ለአራት ሰው አይጠብም። የሚያጠበው መሃል ላይ የቆመው ብሎኬት ነው።

እኔም ባለቤቴም ሠራተኞች ነን። ማታ እኩል እንገባለን። እሱ ጫማውን አውልቆ ሶፋ ላይ፣ እኔ ቦርሳዬን አስቀምጬ ምድጃ ፊት። በመካከላችን ያለው 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቀን ግን ከቃሊቲ እስከ ሱሉልታ ይርቃል። ከእኛ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ቀልደኛ ነው። እሱ ያወራል፣ ባለቤቴ ይስቃል፣ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሳቁ ይሰማኛል፣ ያሳቃቸው ነገር ግን አይሰማኝም። «ምንድነው እሱ?» ብዬ ስጮህ «ተይው፣ ኋላ እንነግርሻለን» ይሉኛል። ኋላ ማንም አያስታውሰውም።

እሑድ ደግሞ ይብሳል። እንግዳ ይመጣል። «ኧረ ነይ ተቀመጪ፣ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። እናንተ የምትበሉትን ነዋ! ወጡን አውጥቼ፣ እንጀራ ጨምሬ፣ ውሃ አቅርቤ ቁጭ ስል ጨዋታው አልፎ ሄዷል፤ እኔም የምጎርሰው የበረደ ነው። የእኔን ታሪክ የማታውቅ ሴት ካለች እጇን ታውጣ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ማታ ግን ሆዴ ሞልቶ ነበርና «እኔና አንተ ጎረቤታሞች እንጂ ባልና ሚስት አንመስልም፤ የምንነጋገረው በግድግዳ በኩል ነው» አልኩት። ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ ግድግዳውን በቡጢ ኳ ኳ አደረገና «እናፍርሰው» አለ። ወንድ ልጅ ነገር ይቀለዋል!

«ጓዳሽን አደባባይ አታውጪ!»

ወሬው አማቴ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ቅዳሜ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ልጄ፣ ጓዳሽን አደባባይ ልታወጪ ነው አሉ?» አሉኝ።

እንደ ሌላው አማት በነገር የሚወጉ ሴት አይደሉም። ያሉትን ሁሉ ካመዛዘንኩት ሦስት ቁም ነገር ነበረው። አንደኛ፣ «የቁሌቱ ሽታ መጋረጃሽ ላይ ያድራል።» እውነት ነው። ሁለተኛ፣ «ድንገት እንግዳ ሲመጣ ያልታጠበ ድስትሽ ቀድሞሽ ሰላም ይለዋል።» ይኼም እውነት ነው። ሦስተኛውን ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በጓዳ ነው። ምንም ያልነበረኝ ቀን ባዶ ውሃ ጥጄ አፍልቻለሁ፤ ጎረቤት ጭሱን አይቶ ወጥ መስሎት ያልፋል። ጓዳ ማለት እሱ ነው። ገበና ይሸፍናል።»

ምን ይመለሳል ለዚህ? እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴም አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለውን ነገር «ጊዜው ተለውጧል» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ጓዳ ቤት ብቻ አይደለም፤ ክብርም ነው።

ያን ዕለት ግን ቡና እያፈሉ የነበሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ረከቦቱ ሳሎን መሃል ተዘርግቶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው እየተቆላ። ጭሱን በመጥበሻው ወደየአፍንጫችን ሲያዞሩልን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «እማማ፣» አልኳቸው፣ «ቡናውንስ ለምን ጓዳ አያፈሉትም?» መጥበሻውን እንደያዙ ቆም አሉና ሳቁ። «አዪ አንቺ! ቡና እኮ ጨዋታ ነው» አሉ።

ይኸው ነው ነገሩ! እስቲ አስቡት። ቡና ስናፈላ ማጠቡም፣ መቁላቱም፣ ማፍላቱም፣ መቅዳቱም ሰው ፊት ነው። የምታፈላው ሴት ከእንግዳው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ትጫወታለች፣ ትመርቃለች፣ ትመረቃለች። ሦስቱም ስኒ እስኪያልቅ ከወሬው አትጎድልም። ፈረንጅ ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚያሠራው «ክፍት ኩሽና» እኛ ዘንድ በረከቦት ዙሪያ ድሮም ነበረ። በቡና ላይ ጓዳ የለንም፤ በወጥ ላይ ግን አለን። ስለዚህ ጥያቄው «ባህላችን ነው ወይስ አይደለም?» አይደለም። ጥያቄው ለቡና የሰጠነውን ወንበር ለወጥ ሠሪዋ እንዴት እንስጣት የሚለው ነው።

ኩሽና የተደበቀው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ፍቀዱልኝ። በገጠሩ ክብ ጎጆ ምድጃው፣ መደቡ፣ መብሊያው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። በከተማ ቪላ ሲሠራ ኩሽና ወደ ጓሮ፣ ወደ ሰርቪስ ቤት ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማገዶና ኩበት ያጨሳል፣ ሳሎኑ እንዳይጠቁር ምድጃው ተባረረ። ከምድጃው ጋር ግን ምድጃው ፊት የምትቆመውም ሴት አብራ ተባረረች።

በውጭውም ዓለም መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች ቤቶች አንዲት ትንሽ ኩሽና ነደፈች። ስፋቷ 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ40 ገደማ ነበር። ሁሉም ነገር እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ፣ የሴቲቱ እርምጃና ድካም እንዲቀንስ ተብሎ የተሠራ ነው። 10,000 ያህል ቤቶች ውስጥ ገብታለች። ድካሙ በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን ኩሽናዋ ከአንድ ሰው በላይ አታስገባምና ሴቲቱ ለብቻዋ ቀረች የሚል ትችት ኋላ መጣባት። በ1934 ደግሞ በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ፍራንክ ሎይድ ራይት በሠራው አንድ አነስተኛ ቤት ኩሽናው ወደ መብሊያውና ወደ ሳሎኑ እንዲያይ ተደረገ። ምክንያቱ ከእኛ ቤት ጋር ይመሳሰላል፤ የቤቷ እመቤት ምግቡን የምትሠራው ራሷ ናትና ከእንግዶቿ እንዳትለይ ነው።

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በገርጂ የተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች ኩሽናውን ከጓሮ አንስተው ወደ ቤት አስገቡት። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ግድግዳውን ተከትሎ አስገቡት። ምድጃው ሲመለስ ሴቲቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች ማለት ነው።

ከመዶሻው በፊት

በሉ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ግድግዳ ሁሉ አንድ አይደለም። በኮንዶሚኒየም አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን የሚሸከሙት ግንበኞች ኮለን የሚሏቸው የአርማታ ምሰሶዎችና ከላይ የሚያያይዟቸው ቢሞች ናቸው። በመካከል ያለው ብሎኬት ክፍል መለያ ነው። ይህ ማለት ግን ደስ ያላችሁን ማፍረስ ትችላላችሁ ማለት አይደለም! ምሰሶና ቢም በፍጹም አይነካም፤ ብረቱን «ትንሽ ብቻ» ብሎ የሚቆርጥ ግንበኛ ካጋጠማችሁ ከበር መልሱት። የእናንተ ሳሎን ጣሪያ የላይኛው ጎረቤታችሁ ወለል ነው። ቤታችሁ ደግሞ የድሮ የጭቃ ወይም የድንጋይ ቤት ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ግድግዳው ራሱ ጣሪያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት መሐንዲስ ጥሩ። የአንድ ሰዓት ምርመራ የሚከፈልበት ገንዘብ አይቆጭም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370/1995፣ የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቶ ያስቀመጠ ነው። ምሰሶው፣ ጣሪያው፣ ደረጃው የጋራ ነው። እናም ለነዋሪዎች ማኅበሩ ንገሩ፣ ከወረዳ ወይም ከክፍለ ከተማ ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፣ ፈቃዱንም በወረቀት ያዙ።

ቀጥሎ ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ። የኤሌክትሪክ ገመድ አለ? የውሃ ቧንቧ አለ? ኩሽናና መታጠቢያ ቤት በሚጋሩት ግድግዳ በኩል ብዙ ጊዜ የፍሳሽ ቧንቧው ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ያንን ግድግዳ አትመኙት። ዕቃ ማጠቢያችሁንም ከፍሳሹ አታርቁ፤ ቆሻሻ ውሃ እንዲወርድ ቧንቧው በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ይፈልጋል። እኛ ማጠቢያውን ወደ መስኮቱ ልናዞር አስበን የቧንቧ ሠራተኛው ሜትሩን ዘርግቶ «ወለላችሁ ከፍ ሊል ነው» ሲለን ከነበረበት እንዳይነቃነቅ ወሰንን።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ልጨምር። ግድግዳ ሲነሳ ወለሉ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ብሎኬቱ የቆመበት መስመር ሴራሚክ የለውም። ጣሪያውም እንዲሁ። ተመሳሳይ ሴራሚክ ገበያ ላይ ካላገኛችሁ ወይ ሙሉ ወለሉን መቀየር ነው፣ ወይ በዚያ መስመር ሆን ተብሎ የተለየ ቀለም ማስገባት ነው። ወጪ ስታሰሉ ይኼን፣ የፍርስራሹን ማስወጫ፣ የገመዱን ማዞሪያና የቀለሙን አትርሱ። ፍርስራሹንም አንድ ቦታ አትከምሩት፤ ወለሉን ይከብደዋል። በማዳበሪያ እየሞላችሁ በየዕለቱ አውርዱ።

የቁሌቱ ነገር

የእኛን ኩሽና ከፈረንጁ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርት በደረቁ ማቁላላት፣ በርበሬ ማብሰል፣ ቅቤ ማንጠር... ይህ ሁሉ ሽታ ብቻ ሳይሆን ረቂቅ ቅባት ነው። አየር ላይ ይንሳፈፍና መጋረጃ፣ ሶፋ፣ ኮርኒስ ላይ ያርፋል። በሁለት ዓመት ነጩ ግድግዳ ቢጫ ይሆናል።

መፍትሔው ምንድነው? አንደኛ፣ ምድጃው ከሶፋው የራቀው ጥግ፣ ወደ ውጭ መስኮት ወይም በረንዳ የቀረበው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ጭስ መሳቢያ ስትገዙ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ምረጡ። በከሰል አጣርቶ እዚያው የሚመልሰው ዓይነት እንፋሎቱንና ሙቀቱን አያወጣም። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ በተጠማዘዘ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። አፉን ግን ወደ ጎረቤት በረንዳ አታዙሩት፤ ጠብ ነው! መሳቢያው ሲሠራም በሌላ በኩል አንድ መስኮት ገርበብ ይበል። አየር ካልገባ አየር አይወጣም።

ሦስተኛ፣ ከባዱን ሥራ ከቀላሉ ለዩ። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ግቢ ውስጥ ለጋራ ማብሰያ የተሠራ ቤት አለ። በርበሬ ማመስና የበዓል ዶሮ መገንጠል እዚያ ቢሆን ምን ይለዋል? በረንዳ ያላችሁም ለምጣዱ በረንዳውን አስቡለት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ ሶኬት አይሆንም። የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ይኑረው፤ ይኼን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ነው።

ሁለት የነፍስ ጉዳዮችም አሉ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ኩሽናው ክፍት ሲሆን ወደ ሳሎን ለመሄድ ከልካይ የለውም። ስለዚህ ሲሊንደሩ አየር በሚያገኝበት፣ ከተቻለም በረንዳ ላይ ይቀመጥ፤ ማታ አፉን ዝጉት። ከሰል ደግሞ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ቡናው በከሰል ከሆነ ክፍት ኩሽናም ቢሆን መስኮት ሳይከፈት አይሆንም፤ እሳቱም ሌሊቱን ቤት ውስጥ አይደር።

ሜትር ይዛችሁ ቁጭ በሉ

እኛ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ያደረግነው ነገር ሞኝነት ይመስላል፣ ግን በጣም ጠቅሞናል። አሮጌ ጋዜጣ በጠረጴዛው፣ በሶፋውና በካቢኔቱ ልክ ቆርጠን ወለሉ ላይ ዘረጋን። ከዚያ በመካከሉ ተራመድን፤ እሱ ትሪ ይዞ፣ እኔ የፈላ ውሃ የያዝኩ መስዬ። ወንድሙ እየሳቀ ቢሞትም ሁለት ቦታ ላይ ተጋጨን። በወረቀት መጋጨት ይሻላል።

ልኮቹን ያዙልኝ። የመሥሪያ ጠረጴዛ ከፍታ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60። ሰው የሚመላለስበት መንገድ ቢያንስ 90፤ ሁለት ሰው የሚሠራበት ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ይመረጣል። ገበታ ላይ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከወንበሩ በስተጀርባ ደግሞ ለመነሣትና ለመቀመጥ ከ75 እስከ 90 ይተው። መሶብ የምትወዱ ከሆነ ከነበርጩማዎቹ 2 ሜትር ያህል ክብ ቦታ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣውን ኩሽናው አፍ ላይ አድርጉት፤ ውሃ የጠማው ሁሉ ወጥ የምትሠራዋን እየገፋ አይግባ። እጅ መታጠቢያም አትርሱ፤ እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። እንግዳ የድስት ማጠቢያ ላይ ወረፋ እንዳይዝ ለገበታው የቀረበች ትንሽ መታጠቢያ ብትኖር ትልቅ ዕረፍት ናት።

ለቡናም ቦታ መድቡ። 1 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃል፤ ሶፋውም ገበታውም ኩሽናውም የሚያዩት ቦታ ይሁን።

ከዚያ ወንበር መቁጠር መጣ። ባለቤቴ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ «እኔ፣ አንቺ፣ ወንድሜ፣ እማዬ ስትመጣ... አራት።» አማቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ልጅቷስ?» አሉ።

ልጅቷ ማለት ቤት ውስጥ የምታግዘን፣ ማታ ማታ የምትማረው ልጅ ናት። ጸጥ አልን። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «ግድግዳው እያለ ቆማ ትብላ ተቀምጣ ትብላ ማንም አያያትም። ግድግዳውን ካነሣችሁ በኋላ ሰው ፊት ከድስት ሥር ልትበላ ነው? ወይ ግድግዳውን ተዉት፣ ወይ ወንበር ጨምሩ።»

ጓዳ ይከበር ያሉት ሴትዮ ናቸው ይህን ያሉት! ገበና የሚሸፍነው ግድግዳ ሌላም ነገር እንደሚሸፍን ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት ጓዳ ውስጥ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ስድስት ወንበር ተገዛ። ስድስተኛው ለእግዜር እንግዳ።

እኛ የደረስንበት

አምስት ወር ተከራክረን የደረስነው ሙሉ ለሙሉ መክፈትም፣ መዝጋትም ላይ አይደለም። የግድግዳው ርዝመት 2 ሜትር ከ60 ነው። ምድጃው ያለበትን 60 ሳንቲ ሜትር ሙሉውን እንዳለ ተውነው፤ ፍንጣሪውን ይከልላል። 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ሆነ። መካከል ላይ ያለውን 1 ሜትር ከ10 በቁመቱ 1 ሜትር ከ10 ላይ ቆረጥነው። ከዚያ በላይ ተንሸራታች መስታወት ገባ፤ መተላለፊያውም ተንሸራታች በር አለው።

ከፍታውን ሆን ብለን ነው የመረጥነው። የመሥሪያ ጠረጴዛው 90 ነው፤ ግማሽ ግድግዳው በ20 ሳንቲ ሜትር ይበልጠዋል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው የቆመችውን ሴት ያያል እንጂ ድስቷን አያይም። እኔ ሁሉንም አያለሁ፣ ያልታጠበውን ሳህን ግን ማንም አያየውም። አማቴ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ አደረጉ፣ «አይታይም» አሉና ፈቀዱ። መብራቱንም ለየነው፤ ለኩሽናው፣ ለገበታውና ለሶፋው የየራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ምግብ ሲቀርብ የኩሽናው ይጠፋል። ገበና ተሸፈነ!

ቁሌት ሲሆን መስታወቱ ይዘጋል፤ ሽታው ይቀንሳል፣ መተያየቱ ግን ይቀጥላል። ቁሌቱ ሲያበቃ ይከፈታል። ከሠርጋችን ወዲህ ብርጭቆው ወጥቶ የማያውቀው ያ ትልቅ ቡፌ ተሸጠ፤ በምትኩ ከግማሽ ግድግዳው ሥር በሳሎኑ በኩል መደርደሪያ ተሠራ። 80 በ1 ሜትር ከ40 የሆነው ገበታ ዘወትር ግማሽ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆማል፤ ስድስት ስንሆን ሳብ ይደረጋል።

ችግር የለም አልልም። የመፍጫው ጩኸት ዜና ያቋርጣል። ዓሣ የተጠበሰ ዕለት መስታወቱም አያድንም። ቤቱ ሁልጊዜ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ የተዝረከረከ ሰው ክፍት ኩሽና አይመኝ። ግን አሁን ቀልዱን ከነምክንያቱ ነው የምስቀው። ወንድሙም ሳህኑን ራሱ ማጠብ ጀምሯል፤ ለምን ቢባል፣ እሱ ቁጭ ብሎ እኛ ስንሠራ ሁሉም ያየዋላ!

ምክሬ

እህቴ፣ ቪዲዮ አይተሽ መዶሻ አታስጠሪ። አንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዢ፤ በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ቁሌት ይቁላላል? ስንት እንግዳ ይመጣል? ማን የት ይበላል? ቴሌቪዥን ማን ያያል፣ ማን ያጠናል? ልጅ የሚያጠናበት ቤት ከሆነ ጸጥታ ያለው ጥግ ሳታገኙ አትክፈቱት። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ የሰው ግድግዳ አይነካም፤ በሩን ከማጠፊያው አውልቃችሁ አስቀምጡት፣ ጠረጴዛውን ወደ ኩሽናው አፍ አስጠጉት፣ ግማሹን መንገድ በነጻ ሄዳችሁ ማለት ነው። የሙሉውን ማፍረሻ ገንዘብ ያላችሁም ብትሆኑ በግማሽ ጀምሩ። የተረፈውን ኋላ ማፍረስ ይቻላል፤ የፈረሰውን መመለስ ግን ሌላ ወጪ ነው።

ትላልቆቹንም አማክሩ። «አይገባቸውም» አትበሉ። ጓዳን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለወንድሞቼ አንድ ቃል ብቻ አለኝ። ግድግዳውን ለማፍረስ ገንዘብ እስኪሞላላችሁ፣ መሐንዲስ እስኪመጣላችሁ፣ ፈቃድ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። ኩሽናው ድሮም በር አለው። ግቡ!